ሄንሪ ሃርትማንና በይደር የቀረው ኦፕራሲዮን

እኛ የሕግ ሰዎች ስማችን የሚቀረው በመዝገብ ላይ ነው፤ መዝገቡም ውሎ አድሮ አቧራ ይጠጣል። የቀዶ ሐኪሞች ዕጣ ከእኛ ይለያል። ከመካከላቸው ጥቂቶች ስማቸው በሠሩት ሥራ ላይ ተጣብቆ፣ ከሞቱ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላም በየቀኑ ይጠራል። ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ፈረንሳዊው ሄንሪ ሃርትማን ነው። ዛሬ ሌሊት አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ፓሪስ ውስጥ አንድ ሰው ትልቁ አንጀቱ ተበስቶ ወይም ታጥፎ ድንገተኛ ክፍል ቢገባ፣ ተረኛው ሐኪም የሃርትማንን ኦፕራሲዮን ለመሥራት መወሰኑን ለረዳቶቹ ይነግራቸው ይሆናል። ስሙን የሚጠሩት ሁሉ ግን የሰውየውን ታሪክ ያውቃሉ ማለት አይደለም።

ኦፕራሲዮኑን ባጭሩ ላስረዳ። የታመመው የትልቁ አንጀት ክፍል ተቆርጦ ይወጣል። ከታች የቀረው፣ ወደ ፊንጢጣ የሚወርደው ጉማጅ አፉ ተዘግቶ እዚያው ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። የላይኛው ጫፍ ደግሞ በሆድ ግድግዳ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣና ሰገራው በከረጢት ይጠራቀማል። ኮሎስቶሚ የሚባለው ይኸው ነው። ሕመምተኛው ከሞት ይተርፋል፤ ሁለቱ የአንጀት ጫፎች ግን እንደተለያዩ ይቀራሉ። በእኛ ሙያ ቋንቋ ጉዳዩ በይደር ተይዟል ማለት ነው። በይደር የተያዘ መዝገብ ምን እንደሚገጥመው ደግሞ አገር ያውቀዋል፤ አንዳንዱ በቀጠሮው ቀን ይታያል፣ አንዳንዱ እዚያው ተረስቶ ይቀራል።

ሃርትማን የተወለደው ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1860 ነው (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን ሆድ ከፍቶ መሥራት ማለት ሕመምተኛን ለሞት አሳልፎ ከመስጠት ብዙም የሚለይ አልነበረም። ማደንዘዣ ከተገኘ ገና 14 ዓመቱ ነበር። ሐኪሙ ደም የነካ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ እጁን ሳይታጠብ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ይሄድ ነበር። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ የማጽዳት ዘዴውን ይፋ ያደረገው በ1867፣ ሃርትማን የ7 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ይህ ልጅ አድጎ የሕክምና ተማሪ በሆነበት ጊዜ በአውሮፓ ሐኪሞች ዘንድ ትልቁ ክርክር ጀርምን ከቁስል ላይ መግደል ይሻላል ወይስ ቀድሞውኑ ወደ ቁስሉ እንዳይደርስ ማድረግ የሚል ነበር።

ወጣቱ ሃርትማን በዚህ ክርክር ውስጥ ትክክለኛው መምህር ገጠመው። ፊሊክስ ቴርየ ይባላል። ቴርየ በፈረንሳይ መሣሪያን በሙቀት፣ እጅን በጥንቃቄ አጽድቶ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል የመግባትን ሥርዓት ካስፋፉት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ሃርትማን በእርሱ ሥር ሠልጥኖ ረዳቱ ሆነ፤ በኋላም በ1899 ሁለቱ በጋራ ስለ ጨጓራ ቀዶ ሕክምና መጽሐፍ አሳተሙ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1891፣ በሐሞት ከረጢት አንገት ላይ ያለችውን ትንሽ ጎድጓዳ ስፍራ ገልጾ ጽፎ ነበር። የሐሞት ጠጠር መሸሸግ የሚወድባት ያቺ ጎድጓዳ ዛሬም በሕክምና መጻሕፍት በስሙ ትጠራለች። እንግዲህ ሰውየው በአንጀት ኦፕራሲዮን ከመታወቁ ከ30 ዓመት በፊት ስሙን በሰው ሆድ ውስጥ አስመዝግቧል ማለት ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሳበኝ ግን የመዝገብ አያያዙ ነው። ሃርትማን በዓመት ወደ 1,000 የሚጠጋ ኦፕራሲዮን ይሠራ ነበር ይባልለታል፤ በዕድሜው የሠራቸውና መዝግቦ ያቆያቸው ወደ 30,000 ይደርሳሉ። ሕመሙ ምን እንደነበረ፣ ምን ተደርጎ ምን እንደተገኘ፣ ሕመምተኛው ዳነ ወይስ ሞተ፣ ሁሉንም ይጽፍ ነበር። ከ1903 ጀምሮ እነዚህን ሥራዎቹን በተከታታይ ቅጾች እያሳተመ አወጣ። በዚያ ዘመን አንድ ስመ ጥር ሐኪም የዳኑለትን እየቆጠረ የሞቱበትን ቢረሳ የሚጠይቀው አልነበረም። ሃርትማን ሁለቱንም ቆጠረ። የሞቱትን የሚቆጥር ሐኪም፣ የፈረደባቸውን ይግባኞች ተከታትሎ የት እንደደረሱ እንደሚያጠና ዳኛ ነው፤ እንዲህ ያለው በየትኛውም አገር ብዙ አይገኝም።

በ1914፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በጀመረበት ዓመት፣ በፓሪስ ኦቴል ዲዩ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ኃላፊ ሆነ። ኦቴል ዲዩ ከኖትርዳም ካቴድራል ጎን የሚገኝ፣ በከተማይቱ ካሉት ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ ሆስፒታል ነው። ጡረታ እስከወጣበት እስከ 1930 እዚያው ሠራ። ስሙን የተሸከመው ኦፕራሲዮንም ይፋ የሆነው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ችግሩ ይህ ነበር። በትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል ላይ ካንሰር የወጣበት ሰው ብዙ ጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው አንጀቱ ጨርሶ ከተዘጋ በኋላ ነው። ሆዱ ተነፍቷል፤ አንጀቱ አብጦ በሰገራ ተሞልቷል። ዕጢውን ቆርጦ ጫፎቹን ወዲያው መስፋት ለዓይን ያምራል፤ ያበጠና የቆሸሸ አንጀት ግን ስፌት አይይዝም። ከቀናት በኋላ ስፌቱ ይላቀቅና ሰገራ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል። ፔኒሲሊን የተገኘው በ1928 ነው፤ ሕመምተኞች ላይ መሥራት የጀመረውም ከዚያ ብዙ ዓመታት ቆይቶ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ስፌቱ የፈሰሰበት ሰው ዕጣው ሞት ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረታችን ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል፤ ልዩነቱ እዚህ የፈሰሰውን የሚለቅም አለመኖሩ ነው።

ሌላው አማራጭ እንግሊዛዊው ኧርነስት ማይልስ በ1908 ያስተዋወቀው ከባድ ኦፕራሲዮን ነበር። ይህኛው በሆድም በሥርም ገብቶ የአንጀቱን መጨረሻ እስከ ፊንጢጣው ድረስ ጠራርጎ ያወጣል። ካንሰሩን በመንቀል ረገድ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሦስት ሕመምተኞች ከአንድ በላይ የሚሆኑት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ይሞቱ ነበር።

ሃርትማን መካከለኛውን መንገድ መረጠ። በ1921 በፈረንሳይ የቀዶ ሕክምና ጉባኤ ላይ ቀርቦ የሁለት ሕመምተኞችን ታሪክ ተናገረ። በሁለቱም ላይ ዕጢውን በሆድ በኩል አውጥቷል፤ የታችኛውን ጉማጅ ዘግቶ ትቶታል፤ ሥር ድረስ ወርዶ አልነቀለውም፤ ከላይኛውም ጋር አልሰፋውም። የማይሰፋ ስፌት አይፈስስም። ሐሳቡ ሲነገር እንዲህ ቀላል ነው፤ ለመተግበር ግን እጁ የሰለጠነ ሐኪም እጁን መሰብሰብ ነበረበት። ሥራውን ሙሉ አድርጎ ለማሳየት የሚመኝ ባለሙያ፣ ግማሽ ላይ ማቆም ሽንፈት ይመስለዋል። ሃርትማን ያቆመው የሞቱትን ስለቆጠረ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቁጥሩም መሰከረለት። ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ በ1931፣ ስለዚሁ የአንጀት ክፍል ቀዶ ሕክምና ባሳተመው መጽሐፍ በዚህ ዘዴ የታከሙ 34 ሕመምተኞችን አቀረበ፤ የሞቱት 3 ነበሩ። ከሦስት አንዱ በላይ ከሚሞትበት ወደ ዐሥራ አንድ አንዱ ወደሚሞትበት መውረድ፣ ለዚያ ዘመን ተአምር ሊባል የሚገባው ነው።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እፈልጋለሁ። ሃርትማን እነዚያን ሁለት ጫፎች ተመልሶ ስለማገናኘት አልመከረም። ለእርሱ ኮሎስቶሚው የዕድሜ ልክ ነበር። ሕይወት ተርፏል፤ መዝገቡ ተዘግቷል። በጊዜው በነበረው መሣሪያና መድኃኒት ስንመዝነው ፍርዱ ትክክል ነው። ሁለተኛ ሆድ ከፍቶ፣ ከጠባሳ ጋር ታግሎ፣ የተሸሸገውን ጉማጅ ፈልጎ መስፋት፣ የተረፈውን ሰው መልሶ ለአደጋ መስጠት ነበር። ሃርትማን ጃንዋሪ 1 ቀን 1952 በ91 ዓመቱ ዓረፈ። መዝገቡን እንደገና የከፈቱት ከእርሱ በኋላ የመጡት ናቸው።

ለመክፈታቸው ምክንያት ነበራቸው። ከረጢት ይዞ መኖር ይቻላል፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰዎች ሠርተው፣ ወልደው፣ ተጉዘው ይኖሩበታል። ሆኖም ዋጋው ቀላል አይደለም። አንድ የማውቃቸው ጡረተኛ መምህር አንጀታቸው ታጥፎ በዚሁ ኦፕራሲዮን ከሞት ተርፈዋል። እሳቸው እድር መሄድ ተዉ፤ ለቅሶ ቤት መቀመጥ ተዉ፤ ቤተ ክርስቲያን ከደጅ ተሳልመው መመለስ ጀመሩ። ከረጢት ሲጠፋ ባለቤታቸው በፌስታልና በጨርቅ ሲያስሩላቸው ኖረዋል። ሽታው ለሰው እንዳይደርስ ሲሉ ከሰው ራቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ እሳቸው ግን በሽታው ከዳነላቸው በኋላም ሲደብቁ ነበር። ከሁሉ የገረመኝ፣ ከሆስፒታል ሲወጡ አንጀታቸው ተመልሶ ሊገናኝ የሚችል መሆን አለመሆኑን የነገራቸው ሰው አለመኖሩ ነው። እሳቸውም አልጠየቁም። ሁለት ዓመት ሙሉ መዝገባቸው የተዘጋ መስሏቸው ኖረዋል።

መጠየቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት የአንድ ታዋቂ ሕመምተኛን ታሪክ ላንሣ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በሜይ 13 ቀን 1981 በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በጥይት ሲመቱ አንጀታቸው ተበሳስቶ ነበር። ሮም ጀሜሊ ሆስፒታል ገብተው ለሰዓታት የፈጀ ኦፕራሲዮን ተደረገላቸው፤ ኮሎስቶሚም ተሠራላቸው። የኦፕራሲዮኑ ዝርዝር ከሃርትማን ይለያል፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። ከሐኪሞቹ መካከል መልሶ መዝጋቱ ይቆይ የሚሉ ቢኖሩም፣ እሳቸው ነገሩ እንዲያልቅ አጥብቀው ፈለጉ። ከሐኪሞቹ ጋር ተነጋግረው ኦገስት 5 ቀን ተዘጋላቸው። ይህ ሲሆን ሆድ የመክፈቱ አሮጌ መንገድ ብቻ ነበር ያለው። በቀዳዳ መሥራት ገና ከቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በር ላይ ቆሞ ይለመን ነበር።

የዚህ የቀዳዳ ሥራ፣ ላፓራስኮፒ የሚባለው፣ ጉዞ ረጅም ነው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኬሊንግ በ1901 የውሻ ሆድ ውስጥ አየር ነፍቶ በቱቦ አየ። ስዊድናዊው ሐንስ ክርስቲያን ያኮቤየስ በ1910 በሰው ላይ ማየቱን ጻፈ። ማየት አንድ ነገር ነው፤ መቁረጥና መስፋት ሌላ። በ1980 በጀርመን ኪል ከተማ የማህፀን ሐኪሙ ኩርት ዜም ትርፍ አንጀትን በዚህ መንገድ ቆርጦ ሲያወጣ ከባልደረቦቹ ያገኘው ምላሽ ሽልማት አልነበረም፤ ከሥራ ይታገድ የሚል ጥያቄ ቀርቦበታል። ኤሪክ ሙኸ በ1985 የሐሞት ከረጢትን በዚሁ ዘዴ ሲያወጣ ተናቀ፤ የናቀው የገዛ አገሩ የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ያከበረው በ1992 ነው። ፈረንሳዊው ፊሊፕ ሙሬ በ1987 ሊዮን ላይ በቪዲዮ እየታገዘ የሐሞት ከረጢት ካወጣ በኋላ ግን ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። በ1991 የትልቁ አንጀት ቆረጣ በቀዳዳ መሠራቱ ተጻፈ። በ1993 ደግሞ ሃርትማን የተዋቸው ሁለት ጫፎች በቀዳዳ መገናኘታቸውን የሚገልጹ የመጀመሪያዎቹ ሪፖርቶች ታተሙ። ሃርትማን ከሞተ 41 ዓመት፣ ጉባኤው ፊት ከቆመ 72 ዓመት መሆኑ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕመምተኛው ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ የውስጡ ቁጣ መብረድ፣ ሰውነቱም ማገገም አለበት። ቀኑ ሲደርስ ሐኪሙ ከሆዱ ግድግዳ ላይ የወጣውን አንጀት ዙሪያውን ያላቅቅና ጫፉ ውስጥ አንድ ክብ ብረት አስገብቶ ያስራል፤ ከዚያ ወደ ሆድ ይመልሰዋል። በዚያው አሮጌ ቀዳዳና በጥቂት ትንንሽ አዳዲስ ቀዳዳዎች በኩል ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች ይገባሉ። ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይነፋል። አድካሚው ሥራ ከዚህ በኋላ ይጀምራል፤ ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን የተረፈው ጠባሳ አንጀትን ከአንጀት፣ አንጀትን ከሆድ ግድግዳ ጋር አጣብቆታል። ያንን ሳይቀዱ ማላቀቅ፣ የተሸሸገውን ጉማጅም ማግኘት ያስፈልጋል። በመጨረሻ ክብ ስቴፕለር በፊንጢጣ በኩል ይገባና ከላይ ከታሰረው ብረት ጋር ይገናኛል። አንድ ጊዜ ሲጨመቅ በክብ የተደረደሩ ጥቃቅን ሽቦዎች ሁለቱን ጫፎች ይሰፋሉ፤ መሐሉም ይቆረጣል። ሐኪሙ መጋጠሚያውን ውኃ ውስጥ አድርጎ አየር ይነፋበታል፤ ጎማ አዳሹ ከመነዳሪ እንደሚፈልገው ሁሉ አረፋ መውጣቱን ያያል። አረፋ ከሌለ መልካም ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ሕመሙ ይቀንሳል፤ ቁስል የማመርቀዝና በጠባሳው በኩል አንጀት የመውጣት ዕድሉ ያንሳል፤ ሰውየው ቶሎ ቤቱ ይገባል። ነገር ግን ማንም ያለ አደጋ ነው ብሎ እንዳይሸጥላችሁ። መጋጠሚያው ዛሬም ሊፈስስ ይችላል። ጠባሳው እምቢ ሲል በቀዳዳ የተጀመረው ሆድ ተከፍቶ የሚያልቅበት ጊዜ አለ፤ ያ ደግሞ ጥንቃቄ እንጂ ውድቀት አይደለም። ልቡ የደከመ፣ ካንሰሩ የተሠራጨ ወይም ዕድሜው የገፋ ሰው ከረጢቱን ይዞ መኖር የሚሻለው ሊሆን ይችላል። በሀብታሞቹ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ራሳቸው የሃርትማን ኦፕራሲዮን ከተሠራላቸው ሰዎች ብዙዎቹ አንጀታቸው ሳይገናኝ እንደሚቀር ደጋግመው አሳይተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ታስቦበትና ተመክሮበት የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ማንም ሳያነሣው የቀረው ግን ሌላ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአገራችን ለትልቁ አንጀት መዘጋት ዋነኛ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ የአንጀት መታጠፍ ነው። የታጠፈው አንጀት ደም አጥቶ ከሞተ፣ ሐኪሞቻችን ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ያንኑ የሃርትማንን መንገድ ነው። ከሩቅ ገጠር በቃሬዛ የመጣ ገበሬ በዚህ ይተርፋል፤ ከረጢቱን ይዞም ወደ መንደሩ ይመለሳል። በቀዳዳ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና በአንዳንድ ሆስፒታሎቻችን ተጀምሯል፤ ይህን ለመሰለ ውስብስብ ሥራ ግን መሣሪያውም የሰለጠነ እጁም ለሁሉም ደጅ አልደረሰም። ሆድ ከፍቶ ማገናኘት ግን የሚታወቅና የሚሠራ ነው። ገበሬው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ለሁለተኛው ቀጠሮ መመለስ እንዳለበት የሚነግረው ሰው ነው።

የ1952 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው ለሕክምና ምርመራና ለቀዶ ሕክምና እምቢ የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እምቢ የማለት መብት ያለው ሰው ምን እንደሚቀርለትና ምን እንደሚቀርበት ማወቅ አለበት፤ ካላወቀ እሺታውም እምቢታውም ባዶ ነው። ስለዚህ ከረጢት ይዞ ከሆስፒታል የሚወጣ ሰው፣ ወይም ቤተሰቡ፣ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ እላለሁ። ይህ ጊዜያዊ ነው ወይስ የዕድሜ ልክ? ጊዜያዊ ከሆነ መቼና የት ልመለስ? በእኔ ሁኔታ የሚሻለው በቀዳዳ ነው ወይስ በተከፈተ ሆድ? ሦስቱም መልሶች በካርዱ ላይ ይጻፉ።

ሃርትማን የጻፈውን ሁሉ ስመለከት፣ ይህን ጥያቄ የሚጠላ ሰው አይመስለኝም። በሠራው ያልኮራ፣ የሞቱበትንም ያልደበቀ ሰው ነበር። ግማሽ ላይ ያቆመው ሥራ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ለሁለተኛው ቀን አድርሷል። ሁለተኛው ቀን ሲደርስ የሚጠብቃቸው ሰው መኖሩን ማረጋገጥ የእኛ ዘመን ዕዳ ነው። ጡረተኛው መምህር ጠይቀዋል፤ ቀጠሮም ተሰጥቷቸዋል።

ቸር ይግጠመን።